ሁለት ሰው ያለበት ክፍል

ደብረ ብርሃን፣ የታኅሣሥ ማለዳ፤ ጡረተኛው መምህር አቶ ደምሰው ጋቢ ደርበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሕንፃ መሐንዲስ የሆነችው ልጃቸው ትርንጎ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታለች።

ትርንጎ፦ በዚህ ሳል ሌላ ውርጭ አይችሉም፣ አባባ። እሺ ይበሉኝና አዳማ እኔ ቤት ይዤዎት ልሂድ።

ደምሰው፦ አልሄድም አልኩሽ እኮ። ይሄ ቤት ይሞቃል ያልሽው አንቺው ነሽ።

ትርንጎ፦ ስሌቱ ነው ያለው።

ደምሰው፦ ስሌቱን ማን ሠራው ታዲያ? የዛሬ ሁለት ዓመት ይሄንኑ ኮምፒውተር ይዘሽ መጥተሽ፣ ሙቀቱ በየት በየት እንደሚሾልክ በቀይና በሰማያዊ አሳየሽን። ኮርኒሱ ላይ ጭድ አስደለደልሽ፣ የበሩን ስንጥቅ አስደፈንሽ። ከእንግዲህ አንዲት ማሞቂያ ትበቃችኋለች ስትይን እናትሽ ደስታዋን አልቻለችውም።

ትርንጎ፦ አሥራ ስምንት ዲግሪ ይሆናል ነበር ያለው። ማሞቂያው ሲነድ አድሮ ቴርሞሜትሩ አሥራ ሦስት ነው። ጭዱም እንዳለ ነው፣ ወጥቼ አየሁት። ምን እንደጎደለ አላውቅም። ደከመኝ።

ደምሰው፦ እኔም ደክሞኛል። ቴርሞሜትርሽ ተበላሽቶ ይሆናል።

ትርንጎ፦ እርስዎስ? ተበላሽተው ነው የሚንቀጠቀጡት?

ደምሰው፦ የናትሽን ምላስ ነው የወረስሽው። እስቲ ያስገባሽውን ሁሉ አንብቢልኝ። ተማሪ ሲሳሳትብኝ እንዲያ ነበር የማደርገው።

ትርንጎ፦ ግድግዳው ብሎኬት። መስኮት አንድ። በወጥ ቤቱ በኩል ያለው ግድግዳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሞቅ።

ደምሰው፦ ለምን ይሞቃል?

ትርንጎ፦ ከጀርባው ምድጃ አለ ብዬ ነዋ። እማዬ ከወጥ ቤት መቼ ትወጣና... ቆይ። አባባ፣ ምድጃው እሳት ካየ ስንት ጊዜው ነው?

ደምሰው፦ ዳቦ እበላለሁ። ዳቦ ምን አለው?

ትርንጎ፦ ጎረቤት ወጥ ያመጣልኛል ሲሉኝ አልነበር በስልክ?

ደምሰው፦ ያመጡልኝ ነበር። ሰው ይሰለቻል፣ ልጄ፤ አልፈርድባቸውም። ሌላስ ምን አስገባሽ?

ትርንጎ፦ ይቅር፣ እንተወው።

ደምሰው፦ ቀጥይ።

ትርንጎ፦ ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ሰው። የሰው ገላም ይሞቃል፤ እሱም ይቆጠራል። ሁለት ነው የሚለው።

ደምሰው፦ ሁለት።

ትርንጎ፦ እማዬ ካረፈች በኋላ ማስተካከል ነበረብኝ። ስንት ጊዜ ከፈትኩት መሰለዎት፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ደምሰው፦ እኔም ትራሷን አላነሳሁም። ይኸው፣ እዚያው ነው። በይ አሁን አውጫትና አስዪው።

ትርንጎ፦ አባባ...

ደምሰው፦ አውጫት። ምድጃውንም አጥፊው።

ትርንጎ፦ አሥራ ሦስት።

ደምሰው፦ ስሌትሽስ ልክ ነው። ሻንጣዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ አውርጅልኝ። ትራሷን አስቀድመሽ ክተቺ።