የቴሳ ጉዞና የአያቷ ገመድ

በረዷማው ዝናብ ሽቦዎቻችንን በጥሶ መብራታችንን ከወሰደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ብቻዋን የምትኖር እኅቴን ልጠይቅ ብዬ ከቀትር በኋላ ብወጣ፣ መኪናዬ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ፈሪ መሆኔን አልደብቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የነብራስካን ልጆች ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ ሳስተምር «ደፋር ሁኑ» እያልኩ ኖሬ፣ ያን ዕለት እጄን ከመሪው ማላቀቅ አቃተኝ።

እንዲህ ደርቄ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ትራክተር አጠገቤ ቆመ። ነጂው ኤልድን ክሩሴ ነበሩ፤ የሰባ ሦስት ዓመት ከብት አርቢ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ቁጣቸው ብዙ።

«መምህር፣ መንገዱ ጠቦዎት ነው?» አሉኝ።

«ሳይጠበኝ አልቀረም፣ ጋሽ ኤልድን።»

«በሉ ይውጡ። ቤት ገብተው ይሙቁ፤ መኪናዋ የትም አትሄድም።»

ቤታቸው በማገዶ ምድጃ ይሞቃል። የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ቴሳ በር ከፈተችልን። ተማሪዬ ናት። ገና ከመቀመጤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ዐየሁና ነገሩ ገባኝ። የገጠር መብራት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን በየዓመቱ ከአባላቱ ልጆች ሁለቱን መርጦ ለአንድ ሳምንት ዋሽንግተን ይልካል። እዚያ ከየግዛቱ ከመጡ ወጣቶች ጋር ስብሰባ መምራትን፣ ሕዝብ ፊት መናገርን፣ ተመራጮችን ፊት ለፊት መጠየቅን ይማራሉ። ዘንድሮ ቴሳ ተመርጣለች። ወረቀቱ እስከ ነገ ተፈርሞ ካልገባ ግን ዕድሉ ለሌላ ልጅ ያልፋል፤ የአሳዳጊው ፊርማ ቦታ ባዶ ነበር።

«መምህር፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯቸው» አለች።

«ማንም ምንም አይነግረኝም» አሉ ሽማግሌው። «አባትሽም ለሁለት ሳምንት ሥራ ብሎ ነበር ዴንቨር የሄደው። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ለገና ካርድ ይልካል። ካርዱን ምን ላድርገው፣ ከብት አያበላልኝ።»

«አያቴ፣ እኔ እሱን አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ከዚህ ኮረኮንች መንገድ የወጣ አይመለስም። አንቺ ስትሄጂ እኔ እዚህ ከማን ጋር ልነጋገር ነው? ከላሞቹ ጋር?»

ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ግትርነት መስሎኝ የቆየው ነገር ፍርሃት መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀኝ። ቢሆንም አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሽ ኤልድን፣ የማኅበሩ ባለቤት ማነው?» አልኳቸው።

«እኛ ነና። አባቴ ምሰሶ ሲያቆሙ አብሮ ጉድጓድ ቆፍሯል።»

«እንግዲያው የሚልካት ባዕድ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት። ቦርዳችን ላይ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ከሁሉም የሚያንሰው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። እነሱ ሲያልፉ ማኅበሩን ማን ይመራዋል? ዛሬ ያላስተማርነው ልጅ ነገ ከየት ይመጣል?»

«መምራት በመኖር ይመጣል እንጂ ሽርሽር በመሄድ አይመጣም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰሙም? በኅዳርም አንድ ቀን ማኅበሩ የወጣቶች ሥልጠና ብሎ ወሰዳት። ምን ይዛ መጣች? አንድ ቆብ።»

ቴሳ አንገቷን ደፋች። ከበረት በኩል የከብቶቹ ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የጉድጓዱ ፓምፕ ያለ መብራት አይሠራምና የገንዳው ውሃ ካለቀበት ከጠዋት ጀምሮ አልጠጡም። ሽማግሌው ተነሡና ከግድግዳው ላይ ወፍራም ገመድ አወረዱ። ራሳቸው የሠሩት ነው፤ በሁለቱም ጫፉ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ባለ ጥርስ ወንዴ መሰኪያ አለው። አንዱን ጫፍ ትራክተሩ በሚያዞረው ጄኔሬተር ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ይሰኩታል፤ ቤቱና በረቱ በሙሉ መብራት ያገኛል። በአገራችን እንዲህ ያለ ገመድ ያልሠራ ገበሬ ጥቂት ነው፤ እንደ ብልሃትም ይቆጠራል።

«አያቴ፣ ምድር ቤት ያለውን ዋና ማጥፊያ አጥፍተዋል?» አለች ቴሳ ብድግ ብላ።

«ሦስት ቀን የሞተ መስመር ላይ ምን የሚጠፋ ነገር አለ?» ብለው ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰኩና ሌላውን ጫፍ እየጎተቱ ወጡ።

«አያቴ፣ ይቆዩ!» አለች። በሩ ተዘጋ፤ ጆሯቸውም ከድሮ የደከመ ነው። ልጅቱ አንድ አፍታ ወደ በሩ፣ አንድ አፍታ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዐየችና በጨለማው ደረጃ ቁልቁል ሮጠች። ምን እንደ ሆነ ሳይገባኝ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ውጭ ትራክተሩ ተነሣ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ጣራው ላይ ያለው አምፖል በራ።

ቴሳ ተመልሳ ስትወጣ ጉልበቷ ደምቷል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ደረስኩ» አለች። «ትራክተሩ ሳይነሣ ደረስኩ መሰለኝ።»

ሽማግሌው በረዷቸውን እያራገፉ ገቡ። «ያውላችሁ፤ ላሞቹ ሊጠጡ ነው። ያለ ዋሽንግተን!»

«አያቴ፣ ዋናውን አጥፍቼው ነው። ገመዱን ብነቅለው ጄኔሬተሩ ሲነሣ ራቁቱ ጥርስ እጄ ላይ ኃይል ይይዝ ነበር። እሱ ክፍት ቢሆን ኖሮ የጄኔሬተርዎ ኃይል ከቤት አልፎ ወደ መስመሩ ይወጣ ነበር።»

«ይቺ ትንሽ ጄኔሬተር? ይቺ ማንን ትገድላለች?»

«ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር የመስመሩን ሰባት ሺህ ቮልት ለቤታችን ሁለት መቶ አርባ ያደርገዋል። ከቤት በኩል ሁለት መቶ አርባ ከገባበት ደግሞ ወደ መስመሩ ሰባት ሺህ አድርጎ ይልከዋል። በኅዳሩ ሥልጠና በትንሽ መስመር ሠርተው አሳይተውናል። በሽቦው ላይ አንድ ቋሊማ አስቀመጡና ከዚያኛው ጫፍ ጄኔሬተሩን አስነሡት። ቋሊማው ተቃጠለ። ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እውነቷን ነው?»

«ስለ ኤሌክትሪክ ዕውቀት የለኝም» አልኩ። «ግን ስመጣ ከመታጠፊያው ላይ የማኅበሩ የመስመር ሠራተኛ ብሬንት ኦልሰን ከጓደኛው ጋር ምሰሶ ሲያቆም ዐይቼዋለሁ።»

«በእኛ መስመር ላይ?»

«በእናንተው መስመር ላይ።»

ኤልድን ክሩሴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያው ተነሡ። ሦስታችንም በእሳቸው መኪና በዝግታ ወደ መታጠፊያው ሄድን። መንገዱ ከአንድ ማይል አይበልጥም፤ እኔ ግን በልቤ የብሬንትን እናት እያሰብኩ፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ያለቀልኝ መሰለኝ። ቴሳ አንዲት ሴኮንድ ዘግይታ ቢሆንስ?

ብሬንት በሕይወት ነበር። ትኩስ ነገር እየጠጣ ቆሟል።

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ «ከሩብ ሰዓት በፊት ይኼን ሽቦ የያዘ ነበር?»

«እኔ ነኛ። ከእናንተ በኩል ያለውን ሽቦ፣ ድንገት ኃይል ቢመጣ ወደ መሬት እንዲወርድ፣ ገና ከመሬት አላገናኘሁትም ነበር፤ የሚያገናኘውን መቆንጠጫ ላደርግበት አንሥቼው ነበር። ምነው ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?»

ሽማግሌው እጁን አጥብቀው ያዙት፤ እሱም ግራ ገብቶት ዐየኝ። ነገሩን የነገርኩት እኔ ነኝ። ብሬንት ኩባያውን መኪናው ላይ አስቀመጠና ሄዶ ለብቻው ቆመ።

ቤት ስንመለስ ሽማግሌው ትራክተሩን አጥፍተው ገመዱን በመጋዝ ቆርጠው ጣሉት፤ ለከብቶቹ ያንን ሌሊት የእጅ ፓምፕ ካለው ጎረቤት ውሃ አመላለስን። ከዚያ ወረቀቱን ሳቡ።

«በኅዳር አትሄጂም ብዬሽ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «አውቶቡሱ ቀድሞኝ ነው እንጂ ባስቀርሽ ኖሮ ዛሬ ያንን ልጅ ገድዬው ነበር።» ፈረሙ። ስማቸው በቅጡ አልተነበበም፤ ማኅበሩ ግን ተቀበለው።

ቴሳ በሰኔ ሄደች። ያቺን ሳምንት ጋሽ ኤልድን በቀን ሁለት ጊዜ ይደውሉልኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ፣ ከተማው፣ ሰዉ፣ ሁሉም ያስፈራቸዋል። በስምንተኛው ቀን ተመለሰች። በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አራት መቶ አባላት ፊት ቆማ ያየችውን ተናገረች። አንዴ እንኳ ወረቀቷን አላየችም። በመጨረሻም በባለሁለት ወንዴ ገመድ ሰው ሊገድል ስለ ነበረ አንድ ገበሬ አወራች። ስሙን አልጠራችም። ሰዉ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ በስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ገመድ እንደ ተሰቀለ ያን ጊዜ ገመትኩ።

ከፊት ረድፍ ጋሽ ኤልድን ተነሡ። ሕዝብ ፊት ተናግረው አያውቁም፤ የወንበሩን መደገፊያ ሁለት እጃቸው እስኪነጣ ጨብጠውታል።

«ገበሬው እኔ ነኝ» አሉ። «ብሬንት እዚያ ኋላ ተቀምጧል፤ የማወራው ስለሱ ነው። ይቺ ልጅ ሄዳ ትቀርብኛለች ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን የእኔ ፍርሃት እቤት ቢያስቀራት ኖሮ እሱ ይሞት ነበር፤ እኔም ሳላውቅ ላሞቼን አጠጣ ነበር። ልጆቻችሁን ላኩ። የሚማሩት ለእኛው ነው፤ ቦርዱም ላይ የሚቀመጡት፣ መብራቱንም የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው። ገመድ ያላችሁም ዛሬውኑ ቁረጡት። ጄኔሬተሩና መስመሩ እንዳይገናኙ የሚያደርገውን የመስመር መለወጫ አስገቡ፤ ማኅበሩ መጥቶ ያሳያችኋል።»

እነሆ በቀጣዩ ክረምት ለጉዞው የተመዘገቡት ልጆች አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ ከዚያ በፊት ከአራት አልፈው አያውቁም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ልጁን ከፍርሃት የተነሣ የሚያስቀር ወላጅ ያዳነው ይመስለዋል፤ ያጠፋውን ግን አያውቀውም።

በጉባኤው ዕለት ግን ስለዚህ ያሰበ አልነበረም። ሽማግሌው ተናግረው ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። እሳቸውም ቆመው ቀሩ፤ መቀመጥ ይፈቀድላቸው እንደ ሆነ ያላወቁ ይመስሉ ነበር። የብሬንት ሚስት ከኋላ ተነሣች፣ ታናሽ ልጇን እንደ ታቀፈች በመካከላችን አልፋ መጣችና ከጎናቸው ባለው ባዶ ወንበር ተቀመጠች።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለቻቸው።