ጥቁሩ ጋን

(ሞጣ አቅራቢያ ባለ መንደር፣ የጥለት ክር ነካሪዋ ወይዘሮ አጀቡሽ ከቀለም ጋኖቻቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ምራታቸው ይታይሽ አመድ የመሰለ እርጥብ ነጠላ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

አጀቡሽ፦ ጥቁሩን ጋን ማን ክፈቺ አለሽ?

ይታይሽ፦ ማንም። ለምን አመድ እንደመሰለ ብቻ ይንገሩኝ።

አጀቡሽ፦ ሰርቀሽ ደግሞ ጠያቂ ሆንሽ?

ይታይሽ፦ ቢጫውን በእርድ አስተማሩኝ፣ ቀዩን በእንሶስላ። ሰባት ዓመት ክርዎን ስነክር እጄ ንጹሕ ነበር። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ነው የረከሰው?

አጀቡሽ፦ ጥቁር ለከል ነው። ከል ለሞተ ሰው ነው። የኔ ልጅ አልሞተም።

ይታይሽ፦ ባሌ ስጦታው በመተማ በኩል ሱዳን ከወጣ አምስት ዓመቱ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ፣ እማማ።

አጀቡሽ፦ በልጄ አታሟርቺ። ነገርሽ መች ጠፋኝ? ከል ለብሰሽ፣ ዓመት ቆጥረሽ፣ አውልቀሽ ልታገቢ ነው።

ይታይሽ፦ ባገባስ? ያልለበስኩትን በምን አወልቀዋለሁ? ሚስት አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ከየትኞቹ ሴቶች ጋር እንደምቀመጥ አላውቅም።

አጀቡሽ፦ ገበያ ወርደሽ የፋብሪካ ጥቁር ግዢ።

ይታይሽ፦ «የሱቅ ከል ሐዘኑም የሱቅ ነው» ሲሉ የኖሩት እርስዎ አይደሉም?

አጀቡሽ፦ ብያለሁ። ለዚህ እኮ ነው ጥቁር መጫወቻ ያልሆነው። የማጥቆሪያው ጭቃ ጥፍር ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ሳምንት አይለቅም። አገሬው አይቶ «ማን ሞተባችሁ?» ይላል።

ይታይሽ፦ ይበል። የኔን ጥፍር ይየው።

አጀቡሽ፦ የአንቺ ምኑ ይታያል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የግራሩን ቅርፊት ሳትቀቅይ ጭቃውን አስቀደምሽ። መጀመሪያ የቅርፊቱ ውሃ፣ ከዚያ ጭቃው፣ እሱም ሦስት ጊዜ። ይኸው አስለፈለፍሽኝ። ዞር በይ፣ ክዳኑን ልግጠም።

ይታይሽ፦ ሲያጎነብሱ ነጠላዎ ተገለጠ። መቀነትዎ ጥቁር ነው።

አጀቡሽ፦ የቆየ ነው። የእናቴ ሐዘን ነው።

ይታይሽ፦ የእናትዎን ከል ሲያወልቁ ለነዳያን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አጀቡሽ፦ መቀነቱ ቀርቶ ይሆናል።

ይታይሽ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፍልሰታ፣ ጥፍርዎ ጠቁሮ «የድስት ጥቀርሻ ነው» አሉኝ። ያን ሰሞን ከሱዳን የተመለሰ ልጅ ቤታችን መጥቶ ነበር። እኔን ውሃ ቅጂ ብለው ወንዝ ላኩኝ።

አጀቡሽ፦ ምኑን ምኑን ታስታውሻለሽ።

ይታይሽ፦ ልጁ ምን አለዎት?

አጀቡሽ፦ ክዳኑን አቀብዪኝ።

ይታይሽ፦ እማማ፣ ምን አለዎት?

አጀቡሽ፦ «በእጄ ቀበርኩት» አለኝ።

ይታይሽ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእርስዎስ እያደር ጠቆረ። የባሌን መርዶ ወገብዎ ላይ ታጥቀው ሦስት ዓመት በነጭ አስቀመጡኝ።

አጀቡሽ፦ ከል አውልቀሽ ስትሄጂ ማን ይቀረኛል? ልጄን መንገድ በላው። አንቺንም ልስጥ?

ይታይሽ፦ ሲያለቅሱ እንኳ አላየሁዎትም።

አጀቡሽ፦ አንቺ ስትተኚ ነበር የማለቅሰው።

ይታይሽ፦ እንግዲህ ዛሬ በቀን ያልቅሱ። መቀነቱን አውጥተው ከነጠላዎ በላይ ይታጠቁት፤ ጎረቤት ልጠራ ነው።