የኋላው ወንበር አራተኛ ሰው

ከዋጫ ወደ ቦንጋ ስንሄድ ከእኔ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ጋሽ አስራትና የማር ባልዲ ያቀፉ ሴት ተቀምጠዋል። ድሮ ጋሽ አስራት ሲሳፈሩ የሚኒባሱ የፊት ጎማ ከመሬት ይነሳ ነበር፤ የአራት ሰው ወንበር እሳቸው ካሉበት ከሦስት በላይ አይዝም።

«እንዴት እንዲህ ቀነሱ? ማር ተዉ እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

«የካፋ ሰው ማር ይተዋል? በቀን አንድ ማንኪያ ነው። አልጨምርም፣ አልዘልም።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ ሰኞ ‹ማር እርም!› ብዬ እምላለሁ፤ ሐሙስ ወደ ቀፎው ስጠጋ ንቦቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሰደዳሉ።»

ሴትዮዋ እየሳቁ ባልዲውን ከፈቱ።

«የማንኪራ ጫካ ማር ነው፤ በሞቴ ቅመሱ!»

«አይሙቱብኝ እትዬ፤ የዛሬዬን በልቻለሁ።»

«በሞቴ ተብሎ እምቢ ይባላል?»

«‹በሞቴ› እያለ ሊገድለኝ የነበረው ስንቱ ነው!»

መንገድ ዳር አንድ ሰው እጁን አነሳ። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ጋሽ አስራት አይቶ አመነታ።

«ኋላ... ይሞከር?»

«ይግባ!» አሉ ጋሽ አስራት።

ሰውዬው ገብቶ ተቀመጠ፤ ማንም ማንንም አልተጫነም።

«ይቁጠሩን እትዬ!»

«አራት!» አሉ ሴትዮዋ፤ እልልታቸው ቦንጋ ቀድሞን ደረሰ።

እኔም የጀመርኩትን ሦስተኛ ቦምቦሊኖ ቀስ ብዬ ወደ ፌስታሉ መለስኩት።