የዳገት ላይ ሰላምታና የጋሽ ተካ ፍሪሲዮን

በ1988 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሚካል መካኒሳ ካለው ጋራዥ ከሥራ ስትመለስ ላፍቶ ዳገት ላይ አጎቷን ጋሽ ተካን አገኘቻቸው። የእድሩን ድንኳን የጫነው ላንድሮቨራቸው ለቅሶው ቤት ሳይደርስ እየጨሰ ቆሟል። ድንኳኑን ለቀስተኞቹ ራሳቸው ተሸክመውት ሄደዋል።

«ዓይን ነው» አሉ ጋሽ ተካ። «ዘንድሮ ይኸ ሦስተኛ ፍሪሲዮን መሆኑ ነው። እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ድንኳኑን ለሁንዴሳ አይሱዙ ይሰጡታል። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የጫንኩትን።»

ሚካል ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃለች። ጋሽ ተካ ግን አፍንጫዋን የጠረጉላት ልጅ መኪና ታውቃለች ብሎ ማመን ይቸግራቸዋል።

«ጋሼ፣ መኪናው ከመቆሙ በፊት መንገድ ላይ ማንን አገኙ?»

«ሐጂ ጀማሉዲንን።»

«ዳገቱ ላይ ሰላም አሏቸው?»

«ሰው ሜዳ ላይ ብቻ አይገኝም።»

«መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሸሽስ በምን ያዙት?»

«በፍሪሲዮን ነዋ። ፔዳሉን ግማሽ ረግጬ፣ ነዳጅ ሰጠት እያደረግሁ። የእጅ ፍሬንማ ማታ ለማሳደሪያ ነው።»

«ፔዳሉ ግማሽ ሲረገጥ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ አይያያዝ፣ አይላቀቅ፤ ሲፋተግ ይቆያል። እርስዎ የሐጂን ጤና ሲጠይቁ እሱ ይቃጠላል። ሲነዱም እግርዎ ከፔዳሉ አይነሳም፤ ያም ያው ነው።»

«ሐጂ እኮ ቶሎ አይጨርሱም» አሉ ጋሽ ተካ፣ ጥፋቱ ለሁለት እንዲካፈል። «ታዲያ ሽማግሌ እያየሁ ልለፍ? ይኸን ነው ያስተማሩሽ?»

«አባትዎ በበቅሎ ሲሄዱ ታላቅ ሰው ቢያገኙ፣ ኮርቻ ላይ ሆነው ነበር ሰላም የሚሉት?»

«አባቴ?» ጋሽ ተካ ተቆጡ። «ወርዶ ነው እንጂ።»

«በቅሎዋንስ?»

«ልጓሟን ይዞ።»

«የእጅ ፍሬን ልጓም ነው፣ ጋሼ። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ይውረዱ።»

ጋሽ ተካን ከተቃጠለው ሸራ ይልቅ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ሽማግሌን ተቀምጠው ሰላም ማለታቸው ከነከናቸው።

ሚካል በሳምንቱ ውስጥ አዲስ ሸራ ገጠመችላቸው። እሁድ ጋሽ ተካ እድሩ ፊት ቆመው ከሚካል የሰሙትን ሲያስረዱ፣ ሐጂ ጀማሉዲን ጣልቃ ገቡ። «እኔም አለሁበት። የላሞቼን ጤና ሳይቀር ነው ያስጠየቅሁት። ድንኳኑ ከተካ አይወሰድ።» ሁንዴሳም ተስማማ፤ አይሱዙው ለቅሶ ለቅሶ እንዲሸት አልፈለገም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸራው ዓመታት አገለገለ፤ ላንድሮቨሩ ክረምት ከበጋ ዳገቱን ይወጣዋል፤ የሰፈሩ ሽማግሌም የሚገባውን ክብር ያገኛል። አንድ ችግር ብቻ መጣ፦ ጋሽ ተካ እየወረዱ ሰላም ሲሉ ድንኳኑ ይዘገይ ጀመር። ስለዚህ ሐጂ ጀማሉዲን ድንኳን የጫነውን መኪና ከዳገቱ ሥር ሲያዩ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመው ዳገቱን ይወጡና ድንኳኑ የሚተከልበት ሜዳ ላይ ይጠብቋቸዋል፤ ሰላምታውም ድንኳኑ ከወረደ በኋላ ይደርሳል።