ግድግዳ የሌለው ኩሬ

አቶ ኤርካሎ ከበዴሳ ገበያ ሲመለሱ፣ መንገዱ ወደ ሰፈራቸው ከሚታጠፍበት ላይ ጎረቤታቸውን ሔርሜላን አገኟት። ባዮሎጂ የምታስተምር ወጣት ናት። የተሸከመችው ጆንያ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከአፉም ሥሩ ጭቃ የለበሰ ቄጤማ ብቅ ብሏል።

በአጋጣሚ ባያገኟት ኖሮም በማግሥቱ ሊያስጠሯት አስበው ነበር። ዓምና ከጓሮዋ የቆፈረችውን ኩሬ ዘንድሮ ልታሰፋው ስትነሳ፣ ጎረቤቶች «ለእርስዎ እምቢ አትልምና ያስደፍኑልን» ብለው ለምነዋቸዋል። ባይለመኑም ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። የስምንት ዓመት ልጃቸው ቤቴል ከሃያ ዓመት በፊት የሞተችው ከገዛ ጓሯቸው ኩሬ ሰጥማ ነውና።

«ደኅና ዋልሽ ልጄ?»

«ጌታ ይመስገን፣ አዋ። እርስዎስ እንደምን ዋሉ?» አለች፤ «አዋ» በወላይትኛ «አባቴ» እንደ ማለት ነው።

«ይኼ ቄጤማ ለከብት ነው?»

«ለኩሬው ዳር ነው። አፈሩን ይይዝልኛል፤ እንቁራሪትና ወፍም ይጠለልበታል።»

ሽማግሌው አብረዋት ጥቂት ከተራመዱ በኋላ፣ «ኩሬውን ድፈኚው» አሉ። «በክፉ አትይብኝ። የቆመ ውሃ ባለቤት አለው፤ ልጅ ይጠራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ለናንተ ለተማራችሁት ተረት ነው። እኔ ግን ልጄን ከፍዬ ያየሁት ነገር ነው።»

«እንዲህ ማለትዎ አይገርመኝም» አለች ሔርሜላ። ጆንያውን መሬት አወረደች። «ቢያዝኑብኝም አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አዋ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ።»

አቶ ኤርካሎ ቆሙ።

«ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤቴል ውሃ ልትቀዳ ስትል ተከተልኳት። ጎንበስ እንዳለች፣ ኩሬው ውሃ እንዲይዝ የተነጠፈበት ላስቲክ አዳለጣትና ገባች። ወዲያው አልሰጠመችም። እየተንፈራገጠች ዳር ደርሳ ነበር። ግን ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ ላስቲኩ ደግሞ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ወጣ ስትል ትንሸራተታለች፣ ወጣ ስትል ትንሸራተታለች። ሻሼን አቀበልኳት፤ አልደረሰላትም። ‹አባዬን ጥሪልኝ› አለችኝ። እርስዎ ከወንዙ ማዶ ከማሳ ነበሩ። ሮጬ ጠርቼዎት ስንመለስ...»

የቀረውን ሽማግሌው ያውቁታል።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«እናቴ ‹ቁስላቸውን እንዳትነኪ› ብላ ከልክላኝ ነው። አሁን ግን እኔም አስተማሪ ነኝ። ውሃው አልጠራትም፣ አዋ። መውጫ ነው ያጣችው።»

ሰው ልጁን ሲቀብር የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል፤ እውነት ይሁን ውሸት አይመረምርም። አቶ ኤርካሎ ሃያ ዓመት ሙሉ የተደገፉት «ውሃው ጠራት» በሚለው ቃል ነበር። ውሃ ጠራት ያለ ሰው ጉድጓዱን ማን ቆፈረው ብሎ አይጠይቅም። አልፎ ተርፎም ሲከፋቸው «የላክሻት አንቺ ነሽ» እያሉ ሚስታቸውን አባይነሽን ይወቅሱ ነበር። የኩሬውን ጎን በአካፋ እየላጉ ቀጥ ያደረጉት ግን እርሳቸው ናቸው። ሥራቸው አምሮላቸው ጎረቤት ጠርተው አሳይተዋል።

«ጎኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሔርሜላ ልታጽናናቸው ብላ አልዋሸችም። «አዎ፣ እርስዎ ነዎት። በዚያን ጊዜ የሚቆፍረው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚቆፍረው፤ የተሻለ ያሳየዎት ሰው አልነበረም። እኔ የማሰፋው ኩሬ ግን ግድግዳ የለውም። ይምጡና ይዩት።»

ጓሮዋ ሲደርሱ በመጀመሪያ ያገኙት የእሾህ አጥር ነው፤ የበሩ መዝጊያ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ተሠርቷል። ኩሬው የሰው እጅ የነካው አይመስልም። ዳሩ እንደ ዝናብ ኩሬ ወዲያና ወዲህ ይጠማዘዛል፤ ከሣሩ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወርዳል። ላስቲክ የለውም። ሸክላ አፈር ደልድላ፣ በሬ ነድታ አስረግጣ ነው ውሃ እንዲይዝ ያደረገችው። ከቄጤማው አጠገብ ሳቢሳ የምትባል የውሃ ወፍ ባንድ እግሯ ቆማለች።

«ወባስ?» አሉ ሽማግሌው። «ዘንድሮ ወባ ያላገኘው ቤት የለም። ጎረቤቱ የሚፈራው ይህንኑ ነው።»

ሔርሜላ ሁለት ብርጭቆ አመጣች። አንዱን መንገድ ዳር ለጡብ ጭቃ ከተቆፈረ ጉድጓድ፣ ሌላውን ከኩሬዋ ቀድታ በብርሃን አሳየቻቸው። የጉድጓዱ ውሃ በትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። በኩሬው ውሃ ውስጥ አንድ እጭ ብቻ አገኙ።

«ትንኝ የምትራባው የሚበላት በሌለበት ውሃ ነው» አለች። «እዚህ የውሃ ተርብ ልጆችና ሌሎች ነፍሳት እጯን ይለቅሟታል። የተረፈችውን ደግሞ እንቁራሪት ይጠብቃታል። ጨርሶ አትኖርም አልልዎትም፤ አጎበሩ አይቀርም። ግን ይህን ደፍነን ያንን ጉድጓድ ብንተወው ወባ አይቀንስም።»

«ውሃው ጭራሽ ቢቀርስ?»

«በበጋ ሴቶች ልጆች ውሃ ፍለጋ ገደል ይወርዳሉ፣ አዋ። እዚያም የሚሞት አለ።»

አቶ ኤርካሎ ወደ ኩሬው ተጠጉ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። መካከሉ ሲደርሱ ውሃው ወገባቸው ላይ ሆነ። ዘወር ብለው፣ ምንም ሳይጨብጡ በእግራቸው ወጡ። እንደገና ገቡ። አሁን ግን ዳሩ ጋ ሲቃረቡ፣ ቁመታቸው የስምንት ዓመት ልጅ ቁመት እንዲሆን በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ እየዳሁም ወጡ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሔርሜላ ፈቀቅ ብላ ጠበቀቻቸው።

«ሦስት ርምጃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ርምጃ መርገጫ ብታገኝ ይበቃት ነበር።»

ቤታቸው ሲገቡ ልብሳቸው አልደረቀም። አባይነሽ ምን ሆነው እንደረጠቡ ጠየቀቻቸው። «ያንን ኩሬ ቀጥ አድርጌ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺን ያለ በደልሽ ወቀስኩሽ» አሏት። እርሷም ደረቅ ልብስ አምጥታ ሰጠቻቸው። «አውቅ ነበር» አለች ኋላ። «አንተ እስክትለው ነው የጠበቅሁት።»  ይቅርታዋ ግን ገና ወራት ወሰደ።

እሑድ አቶ ኤርካሎ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጠበቋቸው። «አስደፈኑልን?» አለ ሻንቆ፤ በሰፈሩ ላስቲክ የለበሰ ቀጥ ያለ ኩሬ የቀረው እርሱ ጋ ብቻ ነበር።

«አላስደፈንኩም። የሚደፈነውስ መንገድ ዳር ያለው የጡብ ጉድጓድ ነው፤ የሚታረመው ደግሞ ያንተ ኩሬ ነው።»

«ሃያ ዓመት የኖረ ኩሬ ነው፣ አዋ። ምንም አላደረገም።»

«የእኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አላደረገም ነበር።»

ሻንቆ በዚህ ተስማማ። በሳምንቱ ውሃው ተቀድቶ፣ ላስቲኩ ተነሥቶ፣ ጎኑ በዶማ እየተናደ ተዳፋት ሆነ። የመጀመሪያውን ዶማ የመቱት አቶ ኤርካሎ ናቸው። በሬው ሸክላውን ረገጠ፤ ቄጤማ ተተከለ፤ አጥር ታጠረ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ሞላ፤ እንቁራሪቱም ሳይጠራ መጣ። በበጋው የሔርሜላና የሻንቆ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ አልደረቀም፤ ንብ ከኩሬው እየጠጣ ቀፎው ከበደ፤ ገደል ይወርዱ የነበሩት ልጆችም ከኩሬዎቹ እየቀዱ በጊዜ ትምህርት ቤት ይደርሱ ጀመር። ወባ ከሰፈሩ አልጠፋም፤ የጡቡ ጉድጓድ ከተደፈነ ወዲህ ግን በዚያ በኩል ያሉ ቤቶች ፋታ አገኙ።

በሚያዝያ፣ በሩ ሳይዘጋ በቀረበት አንድ ቀን፣ የሻንቆ የአራት ዓመት ልጅ ኩሬው ውስጥ ወደቀች። ከነጭቃዋ እያለቀሰች በእግሯ ወጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። ወሬውን ሻንቆ ራሱ መጥቶ ለአቶ ኤርካሎ ነገራቸው። ሽማግሌው «ተመስገን» አሉት፤ በሩን ደግሞ እንዲያጠብቅ መከሩት። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን አባይነሽ ያቀረበችላቸውን ምሳ መብላት አልቻሉም።