ጉድጓዱ ይጠብቅዎታል

ሐሙስ ጠዋት፣ ከጎልፍ ክበቡ ጀርባ ባለው የካዲዎች መጠለያ፤ ጡረታ የወጡት ኢንጂነር ቸርነት ጥሩነህ ሃያ ሁለት ዓመት ቦርሳቸውን በተሸከመላቸው በካዲው በዘርጋው ፊት ቆመዋል፤ ዘርጋው አሮጌ የጎልፍ ዱላዎች ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጨርቅ ይወለውላል።

ቸርነት፦ ለሁለት ቀን ብቻ ነው የምልህ! ቅዳሜ ተጫውቼባቸው እሁድ በጠዋት እመልስልሃለሁ።

ዘርጋው፦ ኢንጂነር፣ መርቀው እኮ ነው የሰጡኝ። «እስከ ልጅ ልጅህ ይሁንህ» ብለው። ሰው መርቆ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል እንዴ?

ቸርነት፦ ምርቃቱን መች አነሳሁ? ምርቃቱ ይቆይህ፣ ዱላዎቹን ስጠኝ።

ዘርጋው፦ አዲሶቹስ? እነ ተወርዋሪ?

ቸርነት፦ ስማቸውን አትጥራብኝ።

ዘርጋው፦ እኔ ባልጠራ ማን ይተዋል? ሚስቴ ሬዲዮ በከፈተች ቁጥር እነሱ ናቸው። ከዜናው በፊት ተወርዋሪ፣ ከዜናው በኋላ ተወርዋሪ። አደባባዩ ላይ ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳው እርስዎ ራስዎ ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ፎቅ አክለው ቆመዋል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳይዎት ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ።

ቸርነት፦ አትቀልድብኝ።

ዘርጋው፦ «ተወርዋሪ! እርስዎ ይምቱ፣ ጉድጓዱ ይጠብቅዎታል!»

ቸርነት፦ ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቀኝ ነው! ድምፁ ብቻ እንደ ወደቀ የድስት ክዳን ነው። ትናንት ስድስት ኳስ መታሁ። ሁለቱ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ሦስቱ ወንዝ፣ አንዷ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች መሀል ገባች።

ዘርጋው፦ ውይ! ሙሽሮቹ ተረፉ?

ቸርነት፦ ሙሽሮቹ ደህና ናቸው። ሚዜው ትንሽ አነከሰ።

ዘርጋው፦ ጋሪውስ? ያ ከዱላዎቹ ጋር የመጣው፣ በሪሞት የሚሄደው? እኔን ያሰናበቱበት?

ቸርነት፦ አላሰናበትኩህም! «እስቲ አረፍ በል» ነው ያልኩህ። ጋሪውም ወንዝ ገብቷል። ና ስለው ይሄዳል፣ ቁም ስለው ይሮጣል።

ዘርጋው፦ እኔ ሌላው ቢቀር ቁም ሲሉኝ እቆም ነበር።

ቸርነት፦ ዘርጋው፣ ቅዳሜ ስለ ምን እንደምጫወት ታውቃለህ? ልጄ የኮሎኔል ደምሰውን ልጅ አግብታ የለ? ወንድ ልጅ ተገላገለች። ክርስትናው በሚመጣው ሳምንት ነው። ስሙን እኔ ላውጣ ስል፣ ደምሰው እኔ ላውጣ ሲል፣ አልስማማ ብለን ቅዳሜ ያሸነፈ ያውጣ ተባባልን።

ዘርጋው፦ መልካም ነዋ። ልጁ እንደሆነ በማንኛውም ስም ያድጋል።

ቸርነት፦ ታንኩ ሊለው ነው!

ዘርጋው፦ ታንኩ?

ቸርነት፦ ሠላሳ ዓመት ታንክ ላይ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይመጣለታል! እኔ በአባቴ ስም ጥሩነህ እንዲባል ነው የምፈልገው። አባቴ ድንጋይ ፈልጦ ነው ያስተማረኝ። ከሠራኋቸው ድልድዮች አንዱን እንኳ ሳያይ ሞተ። ቤታችን ውስጥ ስሙ ሲጠራ መስማት ናፍቆኛል። ከአንጀቴ ነው የምነግርህ።

ዘርጋው፦ ነፍሳቸውን ይማር። ይገባኛል፣ ኢንጂነር። እኔም አራት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ የአራቱንም ስም ያወጡት አማቾቼ ናቸው። እኛ ጎልፍ ስለማንጫወት፣ አብልጦ የጮኸ ነው የሚያወጣው። እኔ ደግሞ ድምፄ ቀጭን ነው።

ቸርነት፦ እንግዲያው እዘንልኝና ስጠኝ! ሰው እንዳያየኝ የተወርዋሪን ልባስ አለብሳቸዋለሁ። በነዚህ ስመታ እኮ ኳሷ ሁልጊዜ ሜዳው መሀል ቁጭ ብላ ነበር የምትጠብቀኝ።

ዘርጋው፦ እሺ፣ ይውሰዷቸው። ግን አይጠቅሙዎትም።

ቸርነት፦ ለምን አይጠቅሙኝም?

ዘርጋው፦ ማስታወቂያው የተቀረጸ ዕለት ትዝ ይልዎታል? በአዲሱ ዱላ መቱና ኳሷ ከባንዲራው አንድ እርምጃ ላይ ተገኘች።

ቸርነት፦ እንዴት ይረሳኛል! እሷን አይቼ አይደል አሮጌዎቹን ለአንተ የሰጠሁህ!

ዘርጋው፦ ኳሷ ባህር ዛፉ ውስጥ ነበረች።

ቸርነት፦ ምን?

ዘርጋው፦ እነሱ እርስዎን ሲቀርጹ እኔ ከጉብታው ጀርባ ነበርኩ። በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግኳት። ያን ቀን ትንሽ አበዛሁት፤ ቴሌቪዥን ነው ብዬ።

ቸርነት፦ ያን ቀን ማለት? ሌላ ቀንም ትገፋ ነበር?

ዘርጋው፦ ሌላ ቀንማ ከሣሩ አውጥቼ ወደ ሜዳው ብቻ ነው።

ቸርነት፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?

ዘርጋው፦ ኧረ ሙሉውን አይደለም። ረቡዕ ረቡዕ ዕረፍቴ ነበር።

ቸርነት፦ ረቡዕ! ረቡዕ ቀን አይቀናኝም እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ! የጾም ቀን ስለሆነ አቅም አንሶኝ ነው እል ነበር እኮ!

ዘርጋው፦ እኔም ጾሙን እንዳይተዉ ፈርቼ ነበር።

ቸርነት፦ ማን አዘዘህ? ማን ግፋልኝ አለህ?

ዘርጋው፦ ማንም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ኳስዎን ፈልገው ፈልገው አጡና ዓይንዎ እንባ አቀረረ። ትልቅ ሰው፣ ያን ሁሉ ድልድይ የሠራ ሰው። አንጀቴን በሉት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በየፋሲካው ጫማ ሲገዙልኝ ደግሞ፣ ነገሩ የገባዎት መስሎኝ ነበር።

ቸርነት፦ ይሄ ማጭበርበር ነው! ነውር ነው! በሰው ፊት እንዴት ብዬ ነው የምቆመው? አደባባይ ላይ ፎቅ አክዬ ቆሜ!

ዘርጋው፦ እውነትዎን ነው።

ቸርነት፦ በጣም ነው ያሳፈርከኝ። … ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?

ዘርጋው፦ ቅዳሜ የኮሎኔሉን ቦርሳ ነው የምሸከመው።

ቸርነት፦ የደምሰውን? ስለ እግርህ ያውቃል?

ዘርጋው፦ ኢንጂነር፣ ሠላሳ ዓመት ታንክ ላይ ሆነው ሩቁን በመነጽር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማክሰኞ መጥተው «ቦርሳውስ ይቅር፣ እግርህን ይዘህ ና» አሉኝ።

ቸርነት፦ አለቀልኝ! ታንኩ! የልጅ ልጄ ታንኩ! አንተስ እሺ አልከው?

ዘርጋው፦ ቦርሳውን እሺ ብያለሁ። ስለ እግሬ ገና ቃል አልሰጠሁም።

ቸርነት፦ ጫማ ከሆነ እኔ ዛሬውኑ እገዛልሃለሁ። ሁለት!

ዘርጋው፦ ጫማስ አለኝ።

ቸርነት፦ ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ንገረኝ፣ ይደረግልሃል።

ዘርጋው፦ ኮሎኔሉም ልክ እንደዚሁ ነበር ያሉት። ስነግራቸው ግን «እስከ ዓርብ አስብበት ዘንድ ጊዜ ስጠኝ» አሉ።

ቸርነት፦ ምን ብትጠይቀው ነው?

ዘርጋው፦ ኢንጂነር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ለሕፃን ልጅ «ዘርጋው» የሚል ስም ይከፋል?