የጥቁሩ ኮት ሰማያዊ እጅጌ

በመንገዳችን ማዕዘን ባለው የልብስ ሰፊ ቤት «መንገድ ሄዳለች» የሚለው መልስ መሰጠቱ የቀረው ካለፈው ዓመት የዝናብ ወራት ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ ቤት ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ አንድ ደንብ ነበር። ከቤተሰቡ ዓይኑ የደከመ ሰው ክር በመርፌ ማስገባት ባቃተው ቀን መቀሱን ያስረክባል፤ ከሱቁ በስተጀርባ ወዳለው ክፍል ይገባል፤ ደንበኛ ስለ እርሱ ሲጠይቅም «መንገድ ሄዷል» ይባላል። መቼ እንደሚመለስ ግን ጠያቂውም አይጠይቅም፣ ተጠያቂውም አይናገርም። ደንቡ እንዴት እንደቀረ ለመናገር የምችለው በዕለቱ እዚያ ስለነበርኩ ነው። የሄድኩትም ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ኮቴን ልወስድ።

በዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ስለ ዘር ውርስ ነው። ከሙያዬ የቀሰምኩት ዋና ነገር ያልመረመርኩትን አውቃለሁ አለማለት ነው። ልብስ ሰፊው በዚህ እንመሳሰላለን ይሉኝ ነበር፤ አንዴ ለመቁረጥ ሦስቴ የሚለኩ ሰው ናቸውና። ሰፈሩ በፊታቸው «ጋሼ»፣ ከጀርባቸው «ሚሊሜትር» ይላቸዋል፤ ሴንቲሜትር ለእርሳቸው ዓይን እጅግ ሰፊ ነው ተብሎ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሰማዩ ዳምኖ ነበር። ጋሼ ኮቴን ከመስቀያው አውርደው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ገበሩ ተቀይሯል። የነተበው የግራ እጅጌም ወጥቶ አዲስ ተገጥሞበታል። ቁልፎቹም እንደገና ጠብቀዋል» አሉ። «መምህርት፣ ለመሆኑ ከዚህ ቤት የወጣ ቁልፍ ወድቆ ያውቃል?»

«እስካሁን አንድም አልጠፋብኝም፣ ጋሼ።»

«አይጠፋማ! ባለቤቱ ይጠፋል እንጂ ቁልፉ አይጠፋም።»

ኮቱን ይዤ ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ኮቱ ጥቁር ነው። አዲሱ እጅጌ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ስፌቱ ነቀፌታ የለውም፤ ትከሻው ላይ ያለው መጋጠሚያ እንደ ጋሼ ሥራ ሁሉ የተዋጣ ነው። ቀለሙ ብቻ የሌላ ልብስ ነው። ልናገር ወይስ ልተው ብዬ ጥቂት አመነታሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ እጅጌ ሰማያዊ አይደለም?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ የነበረችው ልጃቸው ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ፣ መምህርት! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የገጠምኩት» እያለች ስትመጣ ከፊቷ የነበረውን በርጩማ በእግሯ መታችው። በርጩማው ተንከባሎ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ነጭ በርጩማ ነበር፤ እኔ ከበሩ ሆኜ አይቼዋለሁ። እርሷ ከአጠገቡ ሆና አላየችውም።

ጋሼ ጣታቸውን አነሡ። «አንድ፣ እጅጌ። ሁለት፣ በርጩማ። ሦስተኛውን አልጠብቅም። ከሰኞ ጀምሮ ከእትዬ ጋር ትቀመጫለሽ።»

«ከእትዬ ጋር?» አልኩ ሳላስበው። «እትዬ መንገድ ሄደዋል ብለውኝ አልነበረም?»

እትዬ የጋሼ ታላቅ እህት ናቸው። ድሮ በሱቁ በር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲተርቡ አውቃቸዋለሁ። ከታዩ ግን ዓመታት አልፈዋል።

«ይንገሯቸው እንጂ፣ አባባ» አለች ልጅቷ፣ በጓዳው በር ላይ ወደተሰቀለው መጋረጃ እያመለከተች። «እትዬ የሄዱበት አገር ይህን መጋረጃ ያልፋል እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ!»

«አፌን ለምን እይዛለሁ? የደከመው ዓይኔ ነው።»

ይህን ስትል ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ቁጣ ጮሆ ሲመጣ መልስ ይገኝለታል፤ ረግቶ ሲመጣ ግን የሰማው ሁሉ ይደነግጣል። ወደ እኔ ዞረች።

«መምህርት፣ ቀን ቀን ደህና አያለሁ። ሲመሽ ግን ዳር ዳሩ ይጠፋብኛል፤ በጠባብ ቱቦ አጮልቄ እንደማይ ነው። እትዬም ሲጀምራቸው እንዲሁ ነበር ይላሉ። አያቴም እንዲሁ። ይህ ነገር ስም የለውም?»

«ያለው ይመስለኛል» አልኳት። «ሳይመረመር ግን ስም ልሰጠው አልደፍርም።»

«ስምማ አለው!» አሉ ጋሼ። «ገበና ይባላል። ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይመረመርም። እናቴ መቀሷን ለእህቴ አስረከበች፤ እህቴ ለእኔ አስረከበች። አንዳቸውም ደንበኛ ፊት ሲደናበሩ አልታዩም። በክብር ገቡ። ክብር በሐኪም ቤት ወረፋ አይገኝም፣ መምህርት።»

«ክብር ከሆነ ለምን ውሸት አስፈለገው?» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ ልጄ። ለዚህ መድኃኒት የለውም። የእናቴን ዓይን ያየው ሐኪም ራሱን ነቅንቆ ነው የሸኘን።»

ጣልቃ መግባት ልማዴ አይደለም። ሆኖም ሙያዬ በተጠራበት ስፍራ ዝም ማለት ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት መስሎ ታየኝ።

«ጋሼ፣ ያ ሐኪም በዘመኑ የሚያውቀውን ነግሯችኋል። ዘመኑ ግን አልፏል። እስቲ ልጠይቅዎ፦ ሸሚዝ ሲቆርጡ የልኩን ካርቶን ጨርቁ ላይ አስቀምጠው ነው አይደል?»

«በሌላ በምን ይቆረጣል?»

«ካርቶኑ አንገቱ ላይ ቢሳሳትስ?»

«ከእርሱ የወጣ ሸሚዝ ሁሉ አንገቱ ይሳሳታላ። ሰፊው ምን ያድርግ!»

«የሰው ገላም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ህዋሳችን የገላችንን ልክ ይዟል፤ የልኩ እያንዳንዱ ክፍል ዘረ መል ይባላል። በእናንተ ቤት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ አንድ የተሳሳተ መስመር ሳይኖር አይቀርም። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉትን ህዋሶች ቀስ በቀስ የሚያጠፋ መስመር። እናትዎ አላጠፉም። እህትዎም አላጠፉም። ካላጠፉ ደግሞ የሚያሸሽግ ነገር የለም።»

ጋሼ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው መጠቅለል ጀመሩ። ሲያስቡ የሚያደርጉት ነው። ያመጡት መልስም ቀላል አልነበረም።

«ካርቶን ቢሳሳት ቀድጄ ጥዬ ሌላ እቆርጣለሁ። ሰው ግን ተቀድዶ አይጣልም።»

«አይጣልም። ተመራማሪዎች የደከሙትም ስለዚሁ ነው። ቀድሞ የአንድን ሰው ሙሉ ልክ ማንበብ ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ከትንሽ ደም በአጭር ጊዜ ይነበባል። ከዚያም አልፈው፣ ከእነዚህ በዘር ከሚመጡ የዓይን ሕመሞች ለአንደኛው ዓይነት፣ ትክክለኛውን የዘረ መል ቅጂ በሽታ እንዳያመጣ በተደረገ ቫይረስ ላይ ጭነው ወደ ዓይን ጀርባ ያስገባሉ። ይህ ሕክምና ተፈቅዶ እየተሰጠ ነው። ለሌሎቹ ዓይነቶች ግን ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ተስፋ የሰጠ ሙከራ አለ፣ የከሸፈም አለ።»

«የኛ የትኛው ነው?»

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ተምረው?»

«የተማርኩት ሳይለኩ አለመቁረጥን ነው፣ ጋሼ። ለማወቅ የልጅዎ ደም ብቻ አይበቃም። ሰው ሁሉ በልኩ ላይ ብዙ ልዩነት አለው፤ አብዛኛው ልዩነት ምንም አይጎዳም። ጎጂው የሚለየው ከታመሙት ዘመዶችና ካልታመሙት ጋር ሲተያይ ነው። የእትዬ ደም ያስፈልጋል። የእርስዎም፣ ዓይንዎ ጤነኛ ስለሆነ፣ ለማስተያየት በጣም ይረዳል።»

ይህን ስል ጋሼ ፊታቸውን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዞሩ። ልጅቷም አንገቷን ደፋች። የነገሩ ትርጉም ያን ጊዜ አልገባኝም።

«ደሜን ሰጥቼ ነገ ‹የዕውሮች ልብስ ሰፊ› ልባል?» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ጨርቁን ማን አምኖ ይሰጠኛል?»

«ናሙናው በቁጥር እንጂ በስም አይቀመጥም። ለምን እንደሚውል አስቀድመው ይነገርዎታል፤ በኋላም ሐሳብዎን መለወጥ ይችላሉ። አልፈልግም ማለትም መብትዎ ነው።»

«እንግዲያው አልፈልግም። አለቀ!»

«አላለቀም» አለች ልጅቷ። «የእርስዎ ደም የእርስዎ ነው፣ አባባ፤ አልነካውም። የኔ ግን የኔ ነው። ሰኞ ከመጋረጃው ኋላ አልገባም፤ ሐኪም ቤት ነው የምገባው። ብቻዬንም ቢሆን።»

«መድኃኒት የለውም ቢሉሽስ?»

«ስሙን አውቄ እታወራለሁ! ያጠቃኝን ሳላውቅ ግን ገና በሃያ ሦስት ዓመቴ ‹መንገድ ሄዳለች› አልባልም።»

መዳን ካልተገኘ ማወቅ ምን ይረባል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የተማሩም አሉባቸው። እነዚያ ሰዎች ይህችን ልጅ በዚያች ሰዓት ቢያዩዋት እወድ ነበር። የምትጠይቀው ምሕረት አልነበረም። ጠላቷን ፊት ለፊት ለማየት የቀራት ብርሃን ሳያልቅ መፍጠን ነበር የፈለገችው።

በዚህ መካከል መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ደረታቸው ላይ ክር የገባባት መርፌ ተሰክታለች።

«እትዬ፣ ግቢ እንጂ! እንግዳ አለ» አሉ ጋሼ።

«እንግዳዋንማ በድምጿ አወቅኳት። ያቺ ቀሚሷ መንገድ የሚጠርግላት መምህርት ናት» አሉ እትዬ። «ደህና ነሽ ልጄ? እኔም ይኸው ከመንገድ ተመለስኩ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«አንተ» አሉ ወደ ወንድማቸው ዞረው፤ «ያንን እጅጌ የገጠምከው አንተ ነህ። ልጅቷ ስትረግጠው መኪናው ይሮጣል፤ አንተ ስትረግጠው ያዘግማል። እኔ ከጀርባ ተቀምጬ ከዚህ ሌላ ምን የምሰማው አለኝ? ትናንት ሲመሽ ሲያዘግም ነበር። ጥፋትህን ልጅ ስትሸከምልህ ደግሞ ጣትህን አንሥተህ ቆጠርክባት።»

ጋሼ የጠቀለሉትን ሜትር መልሰው ፈቱ፤ እትዬ ግን ቀጠሉ።

«ጨርቅ ማን ይሰጠኛል አልክ። መምህርት፣ የኮትሽ ቁልፍ ወድቆ ያውቃል?»

«በጭራሽ፣ እትዬ።»

«የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህ መንደር የሚኮራበትን ቁልፍ ሁሉ በእጄ ዳብሼ የምተክለው እኔ ነኝ። የዕውሮች ልብስ ሰፊ ከሆንክ ቆይተሃል፣ ወንድሜ፤ ሳትነግራቸው ነው እንጂ።» ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። «በል አሁን መቀሱን አምጣ። ጥቁርና ሰማያዊ ያልለየ ዓይን በመርፌ ቀዳዳ ሊፈተን ነው? ደንብ ደንብ ነው። እኔ እንደገባሁ ትገባለህ።»

ልጅቷ «እትዬ፣ ይተዉዋቸው» አለች። እምባዋ መጥቶ ነበር። «ጥፋቱን የወሰድኩት ይህ እንዳይመጣ ብዬ አይደል?»

ጋሼ መቀሱን አነሡ። ከእናታቸው የመጣ፣ መያዣው በሦስት ሰው ጣት የተላገ ትልቅ መቀስ ነው። ወደ እህታቸው እጅ አልሰነዘሩትም፤ ወደ ቦታውም አልመለሱትም። የሌላውን ሰው ዕጣ የሚወስን ደንብ ቀላል ነው፤ ክብደቱ የሚታወቀው ወደ ራስ ሲዞር ነው። በመጨረሻ ኮቴን ከእጄ ወስደው ወደ በሩ ወጡና እጅጌውን ወደ ሰማይ አነሡት።

«ጥቁር መስሎኝ ነበር» አሉ። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይምታታብኛል። ሲመሽም በሩን በእጄ ነው የማገኘው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ሳያዩ «ይቅር በይኝ» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ፦ «ለእኔስ ጊዜው አልፏል?»

«ሳይመረመሩ አልፏል አልልም፤ አላለፈም ብዬም አልዋሽዎትም» አልኳቸው። «የሚታወቀውን ልንገርዎ። ጨርቅ ሳስቶ ሳለ ይጠገናል፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን መጣፊያ የሚያርፍበት የለም። አዲሶቹ ሕክምናዎች የሚሠሩት በሕይወት ባሉ ህዋሶች ላይ ነው። ልጅዎ ገና ብዙ አላት፤ ዓይነቱ ዛሬ ከታወቀ፣ ለእርሱ የሚሆን ሙከራ በተከፈተ ቀን ስሟ በመዝገቡ ይገኛል። ነገ እናት ብትሆን ምን ልታወርስ እንደምትችል አውቃ ትወስናለች። መድኃኒቱ ቢዘገይ እንኳ ዓይን ለደከመ ሰው የሚሆን ብርሃን፣ በትርና ሥልጠና አለ። ጓዳ አያስፈልግም፤ እትዬ ያለ አሠልጣኝ ያደረጉትን አይተናል። በሌላ አገር ይኸው መስመር የተሳሳተበት አንድ የማናውቀው ቤት ቢኖር ደግሞ፣ የእናንተ መነበብ ለእነርሱም መንገድ ያሳያል።»

«የኔስ ብርሃን አይመለስም፤ ይታወቀኛል» አሉ እትዬ። «ደሜ ለእሷ ከረዳ ግን ይኸው ክንዴ። ወንበሬም ወደ በሩ ይውጣልኝ። ያልተረብኩት ሰው በዝቷል።»

ያ ኮት ዛሬም አለኝ። ጋሼ እጅጌውን በነጻ ሊቀይሩልኝ ደጋግመው ለምነውኛል፤ እኔ አልፈቀድኩም።

ያን ምሽት ጋሼ መቀሱን ከጠረጴዛው መካከል አኖሩት፤ የሦስቱም እጅ ከሚደርስበት። ከካርቶኖቹም ሰፋ ያለውን የኮት ጀርባ ልክ መዝዘው ከነጠመኔው ለልጃቸው ሰጧት።

«በትልቁ ጻፊ» አሉ። «‹ሰኞ ዝግ ነው። ሦስታችንም ለዓይን ምርመራ ሄደናል።› በሩ ላይ ስቀይው፤ ከመንገድ በሚታይበት በኩል።»